በትንሽ ገንዳ ውስጥ አብሮ መኖር፦ የአኳሪየም ዓሦች ምርጫ ታሪክ

የመስተዋት ገንዳ ገዝቶ ውሃ የሞላ ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የትኞቹ ዓሦች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱን የሚፈልገው በዓሦቹ ጠባይ ውስጥ ነው፤ ጭምቱን ከጠበኛው፣ ትንሹን ከትልቁ መለየት ብቻ የሚበቃ ይመስለዋል። የጥያቄው ታሪክ የሚያስረዳው ግን ሌላ ነው። ዓሦች በጠባብ ገንዳ ውስጥ ተስማምተው መኖራቸው፣ ከእርስ በርስ ጠባያቸው አስቀድሞ፣ ውሃው ሊሸከም በሚችለው ጭነት፣ በአየሩ ግፊት፣ በሙቀቱ መጠንና ዓይን በማያያቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ይወሰናል። ይህን አጥርቶ ለመረዳት ሰው ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ በዚያ መካከል የሞቱትን ዓሦች የቆጠራቸው የለም።

እንዲህ ያለው ጉዳይ በመሐንዲሶች መጽሔት ላይ መነሣቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አነስተኛ አኳሪየም በመሠረቱ የውሃ አቅርቦትና የፍሳሽ ማጣሪያ በአንድ ላይ የተጣመሩበት ተቋም ነው፤ ልዩነቱ ደንበኞቹ አቤቱታ ማቅረብ የማይችሉ መሆናቸው ነው። በትልቅ ሐይቅ ውስጥ ሳይታወቅ የሚያልፍ ጉድለት፣ ሃምሳ ሊትር ውሃ ውስጥ በአንድ ሌሊት ሞትን ያስከትላል። መጠባበቂያ የሌለው ሥርዓት እንዴት እንደሚጠና ለማወቅ ለሚፈልግ ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ትንሽ አብነት በቀላሉ አይገኝም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ከሸክላ ገንዳ ወደ መስተዋት

ዓሣን ለምግብ ሳይሆን ለዓይን ደስታ በቤትና በአጸድ ውስጥ በማኖር ቻይናውያን ቀዳሚዎች ናቸው። ከ960 እስከ 1279 በቆየው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ቀይና ወርቃማ መልክ ያላቸውን ዓሦች በኩሬ ውስጥ ለይተው ያራቡ ነበር፤ በኋላም በሸክላ ገንዳ ውስጥ ማኖር ጀመሩ። ዓሦቹ የሚታዩት ከላይ ነበር፤ ውሃውም በየጊዜው በሰው እጅ ይለወጥ ነበር። በገንዳው የሚኖረው ዝርያ አንድ ብቻ በመሆኑ፣ ማን ከማን ጋር ይስማማል የሚለው ጥያቄ ብዙም አልተነሣም። ወርቃማው ዓሣ በ17ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ሲደርስም አያያዙ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በአውሮፓ ጥያቄው የተነሣው ከኬሚስትሪ ጎን ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1771 በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የተበላሸ አየር በአትክልት አማካይነት ተመልሶ እንደሚታደስ አሳየ። ኔዘርላንዳዊው ያን ኢንገንሁስ በ1779 ይህ የሚሆነው በብርሃን ብቻ መሆኑን አረጋገጠ። በየብስ የታየው ይህ ሕግ በውሃ ውስጥም ይሠራ እንደሆነ መፈተኑ ለሚቀጥለው ትውልድ ቀረ።

በዚያ መካከል ሁለት ሴቶች በተግባር ቀድመው ተገኙ። በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ ትኖር የነበረችው ፈረንሳዊቷ ዣን ቪልፕሮ-ፓወር፣ ከኦክቶፐስ ወገን የሆነውን አርጎናውትን ለመመርመር በ1832 የመስተዋት ገንዳ አሠርታ፣ እንስሳው ቅርፊቱን ራሱ የሚሠራ እንጂ ከሌላ የሚወስድ አለመሆኑን አስመሰከረች። እንግሊዛዊቷ አና ቲን ደግሞ በ1846 ከባሕር ዳርቻ ኮራሎችን ወደ ለንደን አምጥታ፣ የባሕሩ ውሃ በየጊዜው ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተገለበጠ አየር እንዲያገኝ በማድረግ በሕይወት አቆየቻቸው። የማገላበጡን ድካም የተሸከመችው የቤት ሠራተኛዋ ነበረች። እንግዲህ የመጀመሪያው የአየር ማስገቢያ መሣሪያ የሰው ክንድ ነበር ማለት ነው።

የዋሪንግተን ሚዛን

የአነስተኛ አኳሪየም ታሪክ በትክክል የሚጀምረው ከሮበርት ዋሪንግተን ነው። ዋሪንግተን በለንደን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ኬሚስት የነበረና በ1841 የለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር እንዲመሠረት ዋና ምክንያት የሆነ ሰው ነው። በ1849 አሥራ ሁለት ጋሎን፣ ማለት 54 ሊትር ያህል በሚይዝ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ አሸዋና ጠጠር አኑሮ፣ ቫሊስኔሪያ የተባለ የውሃ ተክል ተክሎ፣ ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦችን ጨመረ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ዓሦቹ የሚተነፍሱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፣ ተክሉ የሚያወጣውን ኦክሲጅን ዓሦቹ ይተነፍሳሉ፤ ውሃውን መለወጥም አያስፈልግም።

ነገሩ ለጥቂት ጊዜ ሠመረ። ቆይቶ ግን የተክሉ ያረጁ ቅጠሎች መበስበስ ጀመሩ፤ ውሃው ደፈረሰ፤ መስተዋቱንም አረንጓዴ አተላ ሸፈነው። ዋሪንግተን ነገሩን ካጤነ በኋላ ጥቂት የውሃ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረ። ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን ቅጠልና አተላውን በሉ፤ እንቁላላቸውም ለዓሦቹ ምግብ ሆነ። ውሃው ጠራ። ውጤቱን በ1850 ለኬሚስትሪ ማኅበሩ አቀረበ።

ከዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ዋሪንግተን ለሁለቱ ዓሦች የመረጠላቸው ጓደኛ ሌላ ዓሣ አልነበረም፤ የጎደለውን ሥራ የሚሠራ ፍጥረት ነበር። አብሮ መኖር መዋደድ ሳይሆን የሥራ ክፍፍል መሆኑን በዚህ ሙከራ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ሚዛኑን ሲተነትን የቆጠራቸው ሦስት ወገኖችን ብቻ ነበር፤ እነርሱም ዓሣው፣ ተክሉና ቀንድ አውጣው ናቸው። በአሸዋው ላይ የነበረውን አራተኛውን ወገን አላየውም፤ በዚያ ዘመን ሊያየው የሚችል ሰውም አልነበረም።

ሚዛኑ ሲፈተን

በ1853 በለንደን የእንስሳት ማኖሪያ የመጀመሪያው የሕዝብ አኳሪየም ተከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት የተፈጥሮ ተመራማሪው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የሚለውን ቃል በርእሱ የያዘ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ ቃሉም ዕቃውም በእንግሊዝ ቤቶች ሁሉ ተሠራጨ። የዋሪንግተን ሚዛን ወደ መምሪያ መጻሕፍት ገብቶ፣ ተክልና ዓሣ በትክክል ከተመጣጠኑ ውሃው ለዘለዓለም ሳይለወጥ ይኖራል የሚል እምነት ሆነ።

እምነቱ ግን ብዙ ዓሣ ፈጀ። ተክል ኦክሲጅን የሚያወጣው በብርሃን ብቻ ነው፤ ሌሊት ራሱ ኦክሲጅን ይወስዳል። በገንዳ ውስጥ ለዓሦች እስትንፋስ ከሁሉ የሚበልጠው የኦክሲጅን ምንጭ ውሃው ከአየር ጋር የሚገናኝበት ገጽ ነው። ለዚህ ነው እስከ አንገቱ የተሞላ ክብ የመስተዋት ዕቃ ለዓሣ መጥፎ መኖሪያ የሚሆነው፤ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ የሚተነፍስበት ገጽ ግን ጠባብ ነው። ዝቅና ሰፋ ያለ ገንዳ ያንኑ ያህል ውሃ ይዞ ብዙ ዓሣ ይሸከማል።

ይህን በመሐንዲስ ዓይን ያየው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ ነው። ሎይድ በለንደን የአኳሪየም ዕቃ ነጋዴ ሆኖ ጀምሮ፣ በ1864 በሐምቡርግ፣ በ1871 ደግሞ በለንደን ክሪስታል ፓላስ የተከፈቱትን ትልልቅ አኳሪየሞች ሥራ መርቷል። መፍትሔው የተክልና የዓሣ ቁጥርን ማመጣጠን አልነበረም። ከማሳያ ገንዳዎቹ በታች፣ ብርሃን በማይደርስበት ስፍራ፣ ከእነርሱ በብዙ የሚበልጥ ማጠራቀሚያ ሠራ፤ ውሃውንም በእንፋሎት ሞተር ኃይል ሳያቋርጥ በሁለቱ መካከል አዘዋወረ። ጎብኚው የሚያየው ትንሹን ውሃ ነው፤ ዓሦቹ የሚኖሩት ግን በትልቁ ውሃ ነበር።

የሎይድ ሥራ ትልቅ ትምህርት አለው። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ያለው ጥሩ ኑሮ በአብዛኛው የሚመጣው ከማይታየው መጠባበቂያ ነው። በሳሎኑ ውስጥ ሃምሳ ሊትር የሚይዝ ገንዳ ያለው ሰው ይህ መጠባበቂያ የለውም። ስለሆነም ሎይድ በጥራዝ ብዛት ያገኘውን ደኅንነት እርሱ በምርጫ ጥንቃቄ ሊያገኘው ይገደዳል።

አባትና ልጅ

ዓሣ በስንጥቡና በሽንቱ አሞኒያን ያወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ለዓሣ ብርቱ መርዝ ነው። የዋሪንግተን ወርቃማ ዓሦች በዚህ መርዝ ያላለቁበትን ምክንያት መጀመሪያ የገለጠው የአኳሪየም ጥናት አይደለም፤ የከተማ ፍሳሽና የእርሻ አፈር ጥናት ነው።

በ1877 ፈረንሳውያኑ ሽሎዚንግና ሙንትስ የከተማ ፍሳሽን በአሸዋና በኖራ ድንጋይ በተሞላ ቧንቧ ውስጥ ቀስ በቀስ አሳለፉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የገባው አሞኒያ እንዳለ ይወጣ ነበር። ከሃያ ቀን ገደማ በኋላ ግን አሞኒያው እየጠፋ በስፍራው ናይትሬት መውጣት ጀመረ። የክሎሮፎርም ትነት ባሳለፉበት ጊዜ ለውጡ ቆመ፤ ጥቂት የአፈር እጣቢ ሲጨምሩበት እንደገና ጀመረ። እንግዲህ ሥራው የአሸዋው ሳይሆን በአሸዋው ላይ የሚኖር ሕይወት ያለው ነገር ሥራ መሆኑ ታወቀ።

ነገሩን ከዚያ የተረከበው፣ በእንግሊዝ አገር በሮዛምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረ አንድ ኬሚስት ነው። ስሙ ሮበርት ዋሪንግተን ይባላል፤ የዚያው የአኳሪየሙ ዋሪንግተን ልጅ ነው። ልጁ ዋሪንግተን ከ1878 እስከ 1891 ባወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች፣ አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለወጠው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ደረጃ መሆኑን አሳየ። መጀመሪያ አሞኒያው ናይትራይት ይሆናል፤ ቀጥሎ ሌላ ተሕዋስ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ተሕዋስያኑን ለይቶ በማራባት ክብሩን ያገኘው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው፤ ይህም በ1890 ገደማ ሆነ። አባትየው ገንዳውን በሕይወት ያኖረውን አራተኛ ወገን ሳያየው በ1867 ሞተ፤ ልጁ በአፈር ውስጥ አገኘው። ሁለቱን ግኝቶች በአንድ ገንዳ ያገናኙዋቸው ከእነርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው።

ጉዳዩ በዚያም አላበቃም። ለብዙ ዓመታት በአኳሪየም ውስጥ ናይትራይትን የሚለውጠው ናይትሮባክተር የተባለው ባክቴሪያ ነው ሲባል ኖሮ፣ በ1990ዎቹ ዓመታት ሆቫኔክና ባልደረቦቹ በጣፋጭ ውሃ አኳሪየሞች ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ናይትሮስፓይራ የተባለው ወገን መሆኑን አሳዩ። በ2015 ደግሞ ከዚሁ ከናይትሮስፓይራ ወገን ሁለቱንም ደረጃ ብቻቸውን የሚፈጽሙ ባክቴሪያዎች መኖራቸው ተገለጠ፤ ከግኝቶቹ አንዱ የተገኘው ውሃው እየተጣራ ከሚመላለስበት የዓሣ እርባታ ማጣሪያ ነው።

ለዓሣ መራጩ ሰው ከዚህ የሚገኘው ፍሬ ነገር አጭር ነው። የገንዳው የመጀመሪያ ነዋሪዎች ዓሦች አይደሉም፤ ባክቴሪያዎች ናቸው። በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ ተራብተው እስኪጠነክሩ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በፊት አሥር ዓሣ በአንድ ቀን ያስገባ ሰው፣ የመረጣቸው ዓሦች የቱንም ያህል ቢስማሙ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ያጣቸዋል።

የጠባይ ጥያቄ

የውሃው ነገር እየጠራ ሲሄድ የጠባይ ጥያቄ ጎልቶ ወጣ። በ1869 ከቻይና ወደ ፓሪስ የመጣውና በፒየር ካርቦኒየ እጅ የተራባው የገነት ዓሣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ዓሣ ከስንጥቡ ሌላ አየርን በቀጥታ የሚተነፍስበት ልዩ አካል ስላለው፣ ሌሎች ዓሦች በሚያልቁበት የታፈነ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህም የዚያን ዘመን ረጅም የመርከብ ጉዞና ደካማ ገንዳ ለመቋቋም የተመቸ ሆነ። ይሁን እንጂ ወንዱ ከወንድ ጋር አጥብቆ ይጣላል፤ ትናንሽ ጎረቤቶቹንም ያሳድዳል። ከውሃው ጋር የሚስማማ ሁሉ ከጎረቤቱ ጋር የሚስማማ እንዳልሆነ በዚህ ታየ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌ ከአማዞን ወንዝ ይገኛል። በ1936 በሳይንስ መዝገብ የገባው ኒዮን ቴትራና በአገሩ ውሃ የሚገኘው መልአከ ዓሣ የሚባለው ስካላሬ፣ ሁለቱም ለብ ያለ፣ ለስላሳና በመጠኑ አሲድነት ያለው ውሃ ይፈልጋሉ። በውሃ ረገድ ፍጹም ተስማሚዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ስካላሬው ባደገ ጊዜ አራት ሳንቲ ሜትር የማይሞላውን ኒዮን ይውጠዋል። በአንድ ወንዝ መወለድ በአንድ ገንዳ ለመኖር ዋስትና አይሆንም፤ በወንዙ ውስጥም ቢሆን ግንኙነታቸው የበይና የተበይ ነው።

ጠባዩ ራሱ በሥርዓት የተጠናው በ1930ዎቹ ነው። ኔዘርላንዳዊው ኒኮ ቲንበርገን በላይደን ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስት እሾህ ባለው ስቲክልባክ በተባለ ትንሽ ዓሣ ላይ ሙከራ አደረገ። በመራቢያ ወራት የወንዱ ሆድ ቀይ ይሆናል፤ ሌላ ቀይ ሆድ ያለው ወንድ ወደ ግዛቱ ሲገባም ያጠቃዋል። ቲንበርገን ትክክለኛ የዓሣ ቅርጽ ኖሮት ቀይ ያልተቀባ ምስል ሲያቀርብ ወንዱ ብዙም አልተቆጣም፤ ዓሣ የማይመስል ነገር ግን ከሥሩ ቀይ የተቀባ ምስል ሲያቀርብ አጠቃው። በመስኮት በኩል ቀይ የፖስታ መኪና ሲያልፍ እንኳ ወንዶቹ ወደዚያ አቅጣጫ ይነሡ እንደነበር ዘግቧል። ቲንበርገን ከኮንራድ ሎሬንስና ከካርል ፎን ፍሪሽ ጋር በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

የዚህ ጥናት ተግባራዊ ትርጉም ግልጽ ነው። የዓሣ ጠብ ክፋት አይደለም፤ የቦታ ጥያቄ ነው። ተሸናፊው ከግዛቱ ወጥቶ የሚሄድበት ስፍራ ካለ ጠቡ ሳይከፋ ያልቃል። በሐይቆቻችን የሚገኘውን ቆሮሶን ብንወስድ፣ ወንዱ በመራቢያ ጊዜ በአሸዋው ላይ ጎድጓዳ ስፍራ ቆፍሮ ሌላ ወንድ እንዳይቀርበው ይከላከላል። በሐዋሳ ሐይቅ ተባራሪው ጥቂት ሜትር ሸሽቶ ይድናል። የቆሮሶ ወገን የሆኑ ሲክሊድ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች በገንዳ ውስጥ ሲኖሩ ግን የሚሸሹበት ሜትር የለም። ሥልሳ ሳንቲ ሜትር በሆነ ገንዳ ውስጥ የአንዱ ግዛት የሁሉም ዓለም ይሆናል።

ስሌት

የአኳሪየም መጻሕፍት ከጥንት ጀምሮ አንድ ቀላል ደንብ ሲያስተላልፉ ኖረዋል፤ ለአንድ ጋሎን ውሃ አንድ ኢንች ዓሣ የሚል ነው። ደንቡ ለማስታወስ ቢመችም መሐንዲስን ሊያረካ አይችልም። የአንድ አካል ክብደት የሚያድገው እንደ ርዝመቱ ሳይሆን እንደ ርዝመቱ ኩብ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር የሆኑ አሥር ዓሦች ተደምረው ሃያ ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ሃያ ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ዓሣም ያው ሃያ ነው። ነገር ግን ቅርጻቸው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የአንዱ ዓሣ ክብደት ከአሥሩ ድምር መቶ እጥፍ ይሆናል። ትልቅ ዓሣ ከክብደቱ አንጻር ከትንሹ ያነሰ ቢበላም፣ ልዩነቱ ይህን ክፍተት አይሞላውም። ከዚህ የተነሣ ወርቃማው ዓሣ፣ በልጅነቱ ሲታይ ለትንሽ ገንዳ የተፈጠረ የሚመስለው፣ አድጎ ከሃያ ሳንቲ ሜትር ሊያልፍና ከሃያ ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል በመሆኑ፣ ለትንሽ ገንዳ ከማይስማሙት ግንባር ቀደሙ ነው።

ሁለተኛው ስሌት የአየር ግፊት ነው፤ እኛን ይበልጥ የሚነካንም ይኸኛው ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ በባሕር ጠለል ላይ ያለ ንጹሕ ውሃ በአንድ ሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል። አዲስ አበባ በምትገኝበት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሆነ፣ ያው ውሃ በያው ሙቀት የሚይዘው ወደ 6.1 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ቢቀንስ ወደ 6.7 ከፍ ይላል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ከተሞች የተጻፈ መምሪያ ለአንድ ገንዳ አሥር ዓሣ ቢፈቅድ፣ በደጋ የሚኖር ሰው ሰባት አድርጎ ቢያነበው ማስተዋል ነው።

ሦስተኛው የውሃው አሲድነት ነው። መርዛማው የአሞኒያ ዓይነት ከጠቅላላው ውስጥ ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስነው በአብዛኛው የፒኤች መጠን ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ሲሆን መርዛማው ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ሲሆን ከመቶ አምስት ያህል ይሆናል። የአንድ ነጥብ ልዩነት መርዙን ወደ አሥር እጥፍ ያደርሰዋል ማለት ነው። በማላዊ ሐይቅ ጠንካራና አልካሊ ውሃ የተወለደውን ዓሣ በአማዞን ለስላሳ ውሃ ከተወለደው ጋር ማኖር የማይመከረውም በጠባያቸው ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ለአንደኛው የሚስማማ ውሃ ሌላውን ስለሚጎዳ ነው።

ለአነስተኛ ገንዳ የሚሆን አመራረጥ

ከዚህ ታሪክ በመነሣት የምርጫውን ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ማስቀመጥ ይቻላል። አንደኛ ውሃው ይመርመር፤ ጥንካሬው፣ ፒኤቹና ያለ ማሞቂያ የሚኖረው ሙቀት ይታወቅ። ሁለተኛ ከዚያ ውሃ ጋር የሚስማሙት ዝርያዎች ይለዩ። ሦስተኛ ከእነዚህ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሲያድጉ ለገንዳው ትልቅ የሚሆኑት ይውጡ። አራተኛ የአንዱ አፍ ለሌላው አካል የሚበቃ እንደሆነ ይታይ። የጠባይ ጥያቄ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ በአምስተኛ ደረጃ ነው፤ በመንጋ የሚኖር ነው ወይስ ብቻውን፣ የሚውለው ከላይ፣ ከመካከል ወይስ ከታች ነው ተብሎ ይጠየቃል። ስድስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው መራባቱ ነው። ለምሳሌ ጋፒ የተባለው ትንሽ ዓሣ በየአራት ሳምንቱ ገደማ ግልገሎች ስለሚወልድ፣ ዛሬ ትክክለኛ የሆነ ቁጥር ከጥቂት ወራት በኋላ ትክክለኛ አይሆንም።

ለማስረጃ ያህል 60 በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እንውሰድ። ጠቅላላ ጥራዙ 54 ሊትር ነው፤ ዋሪንግተን ከተጠቀመበት ዕቃ ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ጠጠሩ፣ ድንጋዩና ከላይ የሚቀረው ክፍት ቦታ ሲቀነስ የሚቀረው ውሃ 45 ሊትር ያህል ነው። በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ያለ ማሞቂያ የሚኖር ውሃ ለአብዛኞቹ የቆላ ዓሦች ከሚያስፈልገው 25 ዲግሪ በብዙ ዝቅ ይላል። ማሞቂያ መግጠም ይቻላል፤ ነገር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ሙቀቱ የሚዋዥቅ ትንሽ ገንዳ፣ ሕይወቱን በአንድ ሽቦ ላይ ያንጠለጠለ ገንዳ ነው። ከመሣሪያ ጋር ከመታገል ለሙቀቱ የሚስማማ ዓሣ መምረጥ ይቀላል።

እንዲህ ያለ ዓሣ አለ። በደቡብ ቻይና በጓንጁ ከተማ አጠገብ ካለው የነጭ ደመና ተራራ ምንጮች የተገኘውና በ1932 በሳይንስ መዝገብ የገባው ታኒክቲስ፣ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል የሚያድግ፣ ከ14 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ውሃ ደኅና የሚኖር፣ በመንጋ የሚሄድና ጠብ የማያውቅ ዓሣ ነው። በዚህ ገንዳ ስምንት ያህል ቢኖሩ፣ የውሃ ተክልና ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ቢጨመሩላቸው ሥርዓቱ የተሟላ ይሆናል። ሌላ ዝርያ ካልጨመርኩ የሚል ሰው ከእያንዳንዱ ዝርያ ሁለት ሁለት ከማድረግ አንዱን ማብዛት እንደሚሻል ይወቅ፤ የመንጋ ዓሣ ብቻውን ሲሆን ይደነግጣል፣ ምግብም ይተዋል። ማሞቂያና አስተማማኝ መብራት ያለው ሰው በዚያው መጠን የኒዮን ቴትራ መንጋ ሊያኖር ይችላል። ወንድ የሲያም ተዋጊ ዓሣ የወደደ ግን አንዱን ብቻ፣ ለብቻው ያኑር።

አገባባቸውም በጥንቃቄ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ዓሣንም ባክቴሪያንም ስለሚገድል አስቀድሞ መወገድ ይኖርበታል። መጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ዓሣ ብቻ ገብተው ጥቂት ምግብ ይሰጣቸው፤ አሞኒያና ናይትራይት እየተለኩ፣ ሁለቱም ወደ ዜሮ ከወረዱ በኋላ የቀሩት በየተራ ይግቡ። ናይትሬቱም እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ከውሃው ጥቂቱ በየሳምንቱ ይለወጥ። ሽሎዚንግና ሙንትስ በአሸዋ ቧንቧቸው ፊት ሃያ ቀን የጠበቁትን፣ የገንዳ ባለቤትም መጠበቅ ግዴታው ነው።

ከመስተዋቱ ውጭ

የአብሮ መኖር ጥያቄ በገንዳው ጠርዝ ላይ አያበቃም። የበዛበትን ጋፒ ወይም ያደገበትን ወርቃማ ዓሣ ወደ ወንዝ የሚለቅ ሰው ለዓሣው የራራ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ያደረገው ግን ያልተጠና ዝርያን ወደማያውቀው ገንዳ መጨመር ነው። በ1950ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው የናይል ፐርች በ1980ዎቹ እጅግ ተራብቶ፣ በዚያ ብቻ ይገኙ ከነበሩት ትናንሽ ሲክሊዶች በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች እንዲጠፉ ዋና ምክንያት እንደሆነ ይገመታል። የእኛ ጣና ሐይቅም ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ተለይቶ በመኖሩ፣ በሌላ ስፍራ የማይገኙ አሥራ አምስት ያህል ትልልቅ የባርቡስ ወገን ዝርያዎችን ያፈራ ሐይቅ ነው። ለእነዚህ ዓሦች ጎረቤት የመምረጥ ሥልጣን ለማንም የገንዳ ባለቤት አልተሰጠም። የተረፈ ዓሣ ለሌላ አሳዳጊ ይሰጥ እንጂ ወደ ወንዝ አይለቀቅ።

ዋሪንግተን በ54 ሊትር ውሃ ውስጥ ሕይወትን ለማመጣጠን በሞከረ ጊዜ ያልቆጠረው ወገን ልጁ እስኪደርስበት ሠላሳ ዓመት አለፈ። እኛም ውሃ ስናጣራ፣ ፍሳሽ ስንመራ፣ ግድብ ስንሠራ ሳንቆጥር የምናልፋቸው ወገኖች መኖራቸው አይቀርም። ትንሿ ገንዳ ጥቅሟ ይህን በጥቂት ወጪና በጥቂት ሳምንት ማስተማሯ ነው። እንግዲህ ዓሣ ለመግዛት የተነሣ አንባቢ አስቀድሞ ውሃውን ይለካ፤ ገንዳውንም አዘጋጅቶ በትዕግሥት ይጠብቅ፤ ወደ ዓሣ ሻጩም የሚሄደው ከዚያ በኋላ ይሁን።